ገና 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ሾክ ያልቃል እንዴ? ጥያቄና መልስ

ባለፈው ስለ ፍሬን ስጽፍ ግማሹ ጥያቄ የመጣው ስለ እግር ነበር። «ገና ምን ተነዳና ሾኩ ያልቃል?» የሚለው በተለይ ተደጋገመ። ስለዚህ ዛሬ ስለ መኪና እግር ብቻ ነው፦ ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር ስለሚያያይዙት፣ እንደ ሾክ (የመንገዱን ንዝረት የሚያበርደው) ስላሉት ዕቃዎች። ጠይቁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። የካምቢዮ ጥያቄ ያላችሁ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? የቤት መኪናችንን ከአዲስ ነው የገዛናት፣ ገና 38 ሺህ ኪሎ ሜትር ነች። ልጆች ከማድረስና ቢሮ ከመሄድ ውጪ የትም አትሄድም። የምንኖረው ሰሚት ነው። ከፊት ኳ ኳ ማለት ስትጀምር መካኒክ ጋ ወሰድኳት፣ «ሁለቱም የፊት ሾክ አልቋል» አለኝ። እውነት ነው ወይስ ሊበላኝ ነው?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል ወንድሜ፣ ግን ለመክፈል አትቸኩል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር መኪናዋ ምን ያህል እንደሄደች ነው የሚነግርህ። ሾኩ ስንት ጊዜ ወጣ ገባ እንዳለ አይቆጥርም። በፍጥነት መንገዱ አዳማ ድረስ 80 ምናምን ኪሎ ሜትር ስትነዳ ሾኩ ሥራ ፈት ነው ማለት ይቻላል፤ የሰፈር ኮብልስቶን ላይ ግን በእያንዳንዷ ድንጋይ ዘንጉ ይወጣል ይገባል፣ ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ይገፋል፣ ይሞቃል፣ ዘይቱን አፍኖ የያዘው ጎማም ቀስ በቀስ ይበላል። በዚያ ላይ ጉብታውን ጨምርበት። ክረምቱ ቆፍሮት የሄደውን ጉድጓድም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኳ ኳ የሚለው ብዙ ጊዜ ሾክ አይደለም። ኮብልስቶን ላይ ቀስ ብለህ ስትሄድ የሚንኳኳ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ስታቢላይዘር ሊንክ ነው። ቀጭን ዘንግ ናት፣ ዋጋዋም ከሾክ በጣም ያነሰ ነው። ቆመህ መሪ ስታዞር ሲጥ ሲጥ ካለ ደግሞ የሾኩን የላይኛውን መቀመጫ አስፈትሽ። ሾኩ ራሱ ሲያልቅ ከድምፁ ይልቅ የመኪናዋ ጠባይ ነው የሚለወጠው፦ ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋ ይደፋል፣ ጉብታ ካለፍክ በኋላም እየተወዛወዘች ትሄዳለች፣ ጎማውን በእጅህ ስትዳስሰው ከፍ ዝቅ ብሎ ተበልቶ ታገኘዋለህ።

መካኒኩን «አሳየኝ» በለው። ሾኩ ላይ ስስ ወዝ ብቻ ካለ ይቆይ። ዘይት ወርዶ አቧራውን ጭቃ አድርጎ ከለጠፈበት ግን አልቋል። እዚያው ዘንጉን የሚሸፍነውን ጎማ እየው፤ ከተቀደደ አቧራ ገብቶ ዘንጉን ይፍቀዋል፣ ሽፋኑን ሳትቀይር አዲስ ሾክ ብትገጥም ዞሮ ዞሮ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ያገለገለች ናት፣ በፈረንጅ የ2008 ስሪት፣ 70 ሺህ ትላለች። ጎሚኒው (የእግሩ ብረቶች መጋጠሚያ ላይ ያለው ጎማ) በሙሉ ተሰነጣጥቋል ተባልኩ። ኪሎ ሜትሩ ተቀንሶ ነው አይደል?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል እህቴ፣ ያገለገለ መኪና ላይ ኪሎ ሜትር መቀነስ አዲስ ነገር አይደለም። ጎሚኒው ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። ጎማ በዕድሜም ይሞታል። ግቢ ቆማ ብትኖር እንኳ ሙቀትና አየር ያደርቁታል፣ የሞተር ዘይት ሲንጠባጠብበት ደግሞ ይላሽቃል። ከጠረጠርሽ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ መሪውንና የሾፌር ወንበሩን ጠርዝ እዪ። በ70 ሺህ ፔዳል ተልጦ አያልቅም።

ጥያቄ፦ የአርም (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘው ብረት) ጎሚኒ ካስቀየርኩ ዓመት አልሞላኝም፣ እንደገና ተቀደደ። ኦሪጅናል ተብዬ ነው ከመርካቶ የገዛሁት። ኮፒ ሸጡልኝ?

መልስ፦ ኮፒ ሞልቷል፣ እውነት ነው። እኔ ግን ከዕቃው በፊት አገጣጠሙን ነው የምጠይቀው፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚጠነቀቅ ጋራዥ ጥቂት ነው። ጎሚኒው መሃሉ ላይ የብረት ቱቦ አለው፣ ጎማው ቱቦው ላይ ተጣብቋል። ብሎኑ ሲጠብቅ ቱቦው ተነክሶ ይቀራል፣ አይዞርም። አርሙ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል የሚጠመዘዘው ጎማው ነው። እንግዲህ መኪናዋ በክሪክ ተነስታ፣ እግሯ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ብሎኑን ጥርቅም አድርገው ካጠበቁት፣ መሬት ስታርፍ አርሙ ወደ ላይ ይወጣና ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ቆማም ብትውል ተጠምዝዞ ይውላል። በዚህ ላይ ጉድጓድ ሲጨመር በጥቂት ወራት ይቀደዳል፣ ኦሪጅናልም ቢሆን።

ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ ብሎኑን ለጊዜው ያዝ ያዝ ማድረግ፣ መኪናዋን በጎማዋ ማሳረፍ ወይም አርሙን ከታች በክሪክ ደግፎ ክብደቷን ማሸከም፣ ከዚያ ማጥበቅ። መካኒኮች አይወዱትም፣ ጠባብ ቦታ ተኝቶ ማጥበቅ ስለሆነ። አጠገቡ ቆመህ አሠራ። ሲያበቃ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል) አትለፍ፣ አለዚያ ጎማህ በአንድ በኩል ይበላል።

ጥያቄ፦ ቪትዜ ሆዷ እየመታ ስላስቸገረኝ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) አስገብቼ ከፍ አደረግኳት። ከዚያ ወዲህ ከእግር ሥራ አልወጣሁም።

መልስ፦ አትወጣም። ስፔሰሩ ሞላው ላይ ከገባ ሾኩ ቆማም ቢሆን ተዘርግቶ ነው የሚውለው፣ ጉድጓድ ስትገባ የሚዘረጋበት ቦታ ስለማይቀረው ጫፉ ላይ ይመታል። የሾኩ መቀመጫ ላይ ከሆነ ደግሞ አርሙ ያዘቀዝቃል፣ ቦልጆይንቱ (አርሙን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው መጋጠሚያ) እና ሲቪ ጆይንቱ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ጎማው የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ) ባልተሠሩለት ማዕዘን ይለፋሉ። የግድ ከሆነ በጣም ስስ የሆነውን ምረጥ። እኔ ብሆን ግን አስወጥቼ የሞተሩን የታች መከላከያ ጥሩ ብረት አሠርቼ በቀስታ እነዳ ነበር።

ጥያቄ፦ የግራው ሾክ ብቻ ነው ያለቀው። አንዱን ልቀይር?

መልስ፦ ጥንዱን። የፊት ከሆነ ሁለቱን የፊት፣ የኋላውን ተወው።

ጥያቄ፦ ጎሚስታው ሁሌ 40 ይሞላልኛል። ነዳጅ ይቆጥባል ይላል።

መልስ፦ ትንሽ ይቆጥብ ይሆናል፣ በሾክ ታወራርደዋለህ። የሾፌሩን በር ክፈትና የተለጠፈውን ቁጥር አንብብ። ትንንሽ የቤት መኪኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ፒ.ኤስ.አይ ነው። ነፋስ በዝቶበት ጎማው ሲደርቅ የድንጋዩ ምት በሙሉ ወደ ሾክና ቦልጆይንት ያልፋል።

ጥያቄ፦ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ስለቆመ ኤሌክትሪክ ገዛሁ። የዚህስ እግር ቶሎ ያልቃል?

መልስ፦ ክብደቱን አስበው። ቪትዝ ወደ 1 ቶን ነች፣ ትልቅ ባትሪ ያላት አይዲ ፎር (የቮልስዋገኗ ኤሌክትሪክ መኪና) ከ2 ቶን ትንሽ ትበልጣለች። እግሯ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ በራሱ ችግር የለውም፤ ግን አንዷ ጉድጓድ ላይ በፍጥነት ስትገባ የምታርፈው በዚያ ክብደት ነው። መለዋወጫ ስታዝ በሻንሲ ቁጥር እዘዝ። ለቻይና ገበያ የተሠራውና ለአውሮፓ የተሠራው አንድ ስም ይዘው ዕቃቸው ሊለያይ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሾኬ ዘይት እያፈሰሰ ነው። ቅዳሜ ከቤተሰብ ጋር ሀዋሳ ልንሄድ ነው። ያደርሰናል?

መልስ፦ ያደርሳችኋል፣ ግን የፍሬን ርቀትህ ይረዝማል፣ ኩርባ ላይም ትወዛወዛለች። ፍጥነት ቀንስ፣ ከፊትህ ካለው መኪና ራቅ በል፣ ጣሪያ ላይ ምንም አትጫን። ከመውጣትህ በፊት ግን ቦልጆይንቱን አስፈትሽ፤ የፊት ጎማው ተነስቶ ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ ክፍተት ካለው ከኩሽኔታም ሊሆን ይችላል፣ መካኒኩ ይለየው። ቦልጆይንት ሆኖ ከተገኘ ሳይቀየር አትውጣ፣ ምክንያቱም ሾክ ቢያልቅ መኪናዋ ትወዛወዛለች፣ ቦልጆይንት ከወለቀ ግን ጎማው ይተኛል፣ መሪም የለህም።