የአባትሽን ካፕሱል ከፍተሽ እንዳትሰጪው

እህቴ፣ «አባቴ ካፕሱል ከአሳማ ነው የሚሠራው ሲሉት የጨጓራ መድኃኒቱን ተወ፤ ከፍቼ ውስጡን ብቻ ልስጠው ወይ?» ያልሽውን አየሁ። አደራ፣ አትክፈቺው። መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል ሳይሆን አይቀርም። እኔም የእናቴን ካፕሱል ከፍቼ ሰጥቻት ነበር፤ ጎዳኋት።

1. አባትሽን አትቆጪው። ጥያቄው ልክ ነው። የካፕሱሉ ልባስ ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው። ጄላቲን ደግሞ ከአሳማ ወይም ከከብት ቆዳና አጥንት ይወጣል። ወረቀቱ ላይ «ጄላቲን» ይላል እንጂ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይገልጽም። የከብት ነው ቢባልም እናቴ «በማን እጅ ታረደ?» ማለቷ አይቀርም። ኦርቶዶክስ ጎረቤታችንም በጾም ወቅት «ከእንስሳ ነው ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።

2. ፋርማሲ ስትጠይቂ ሰው ምረጪ። እኔና እናቴ ጅማ፣ ሄርማታ በኩል አንድ ፋርማሲ ገባን። ልጁ ወረፋ በቆመው ሰው ሁሉ ፊት «መድኃኒት ሃይማኖት የለውም፣ ካልፈለግሽ ተይው» አላት። ሰባ ዓመት ያለፋትን ሴት «አንቺ» ብሎ! ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወጣች። እስካሁን ያንገበግበኛል። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠይቅም አለች። እኔም ካፕሱሉን ከፍቼ፣ ውስጡ ያሉትን ጥቃቅን ፍሬዎች በማንኪያ ጀርባ ፈጭቼ በማር ሰጠኋት። ሦስት ሳምንት ሙሉ! ሕመሙ ጠናባት፤ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋ ጀመር። ለካ እነዚያ ፍሬዎች የተሸፈኑት የጨጓራ አሲድ መድኃኒቱን ሳያበላሸው አንጀት እንዲደርስ ነው። ስፈጨው ሽፋኑን አጠፋሁት።

መጨረሻ ላይ ለሐኪሟ እውነቱን ነገርናት። አልተቆጣችም። ፓንቶፕራዞል ወደሚባል ሌላ የጨጓራ መድኃኒት ለወጠችላት፤ ካፕሱል ሳይሆን እንክብል ነው። ሌላ ፋርማሲ ያለችው ልጅ ደግሞ ከማሸጊያው ውስጥ ወረቀቱን አውጥታ የተሠራበትን ነገር አንድ በአንድ አነበበችልን። ጄላቲን የለውም። አምስት ደቂቃ አልፈጀባትም። እናቴ እጇን ይዛ መረቀቻት። ከዕፅዋት የሚሠራ ካፕሱልም እንዳለ የነገረችን እሷ ናት፤ ወረቀቱ ላይ «ሃይፕሮሜሎስ» ይላል።

ምትክ የማይገኝበት ጊዜም አለ። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ከአሳማ አንጀት ነው የሚወጣው። ይህን ሼኻችንን ጠይቀን «ሌላ ከሌለና ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ደሩራ ነው» ብለውናል፤ ክልክሉን የሚያስፈቅድ ችግር ማለት ነው። አባትሽ እንዲህ ያለውን ከአንቺ ሳይሆን ከሚያምናቸው ሼኽ አፍ ይስማው።

አሁን ግን መድኃኒቱን ከተወ ቀናት አልፈዋል። ነገ ጠዋት ማሸጊያውን ከነወረቀቱ ይዘሽ ሐኪሙ ጋ ውሰጂው።