መልስ፦ ስለ ሜክሲኮ የድሮ ታሪካዊ ፊልሞች

"ከየቱ ልጀምር? ሁሉም አብዮቱን የሚያወድሱ ናቸው ወይ?" ላልከው፣ ኧረ በፍጹም! ከዳይሬክተሩ ፈርናንዶ ደ ፉዌንቴስ ጀምር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ስለ አብዮቱ፣ ማለትም በ1910 ስለ ጀመረው የሜክሲኮ አብዮት፣ ሦስት ፊልሞች ሠርቷል። እኔ "ኤል ኮምፓድሬ ሜንዶሳ"ን አስቀድማለሁ።

ሜንዶሳ ባለርስት ነው። የገበሬ አማጺዎቹ መሪ የሳፓታ ሰዎች ሲመጡ የሳፓታን ምስል ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ይጋብዛቸዋል። የመንግሥት ወታደሮች ሲመጡ ደግሞ ያ ወርዶ የፕሬዚዳንቱ የኡዌርታ ምስል ይሰቀላል። ግብዣው ያው ነው። መጀመሪያ ላይ ያስቃል። አንዱ የሳፓታ ጄኔራል የልጁ ክርስትና አባት ሆኖ አበልጅ ከሆኑ በኋላ ግን ሳቁ ይጠፋል። መጨረሻውን አልነግርህም፣ ራስህ እየው።

ቀጥሎ "ቫሞኖስ ኮን ፓንቾ ቪያ" (1936)፤ ቪያ ሌላው የአብዮቱ የጦር መሪ ነው። የዚያን ጊዜው የፕሬዚዳንት ካርዴናስ መንግሥት ለፊልሙ ሥራ ባቡርና ወታደር ሳይቀር አውሶታል፤ ፊልሙ ግን ቪያን አላሞካሸም። ስድስት ጓደኛሞች ይከተሉታል፣ ከዚያ አብዛኞቹ ተራ በተራ ያልቃሉ። ገበያ አልቀናውም። የሚገርመው፣ ዳይሬክተሩ በዚያው ዓመት ያወጣው ዘፈን የበዛበት የገጠር ፊልም አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ፊልም ሠሪው ሁሉ ባለ ሶምብሬሮ (ሰፊ የሜክሲኮ ባርኔጣ) ዘፋኝ ፍለጋ ገባ።

"ቫሞኖስ ኮን ፓንቾ ቪያ" ቪያ የባሰ ጨካኝ ሆኖ የሚታይበት፣ ያኔ ያልታየ ሌላ መጨረሻም አለው። ካገኘኸው እሱንም እይ።