ለጭቃ ቤት የሚሆነውን አፈር ስለ መምረጥ

የቦታዎ አፈር ለግድግዳ ይበቃ እንደሆነ፣ ልስኑም በሲሚንቶ ይሁን ወይስ በኖራ ብለው ለጠየቁት፣ ከሁሉ አስቀድሞ አፈሩን ራሱን ይመርምሩ። ሣርና ሥራሥር ያለበትን የላይኛውን አፈር ጠርገው ከሥሩ ያለውን ያውጡ፤ የላይኛው ብስባሽ ስላለበት ለተክል እንጂ ለግድግዳ አይሆንም። ከዚያም የመስታወት ጠርሙስ እስከ ሲሶው ድረስ በአፈር፣ ቀሪውን በውኃ ሞልተው፣ ጥቂት ጨው ጨምረው በደንብ ይበጥብጡና ያስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ከታች ይዘቅጣል፣ ደለሉ በላዩ ይተኛል፣ ሸክላው (የሚያጣብቀው ደቃቅ አፈር) ግን ውኃውን እንዳደፈረሰ እስከ ማግስቱ ወይም ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሁሉም ከዘቀጠ በኋላ ከተደራረበው አፈር የሸክላው ድርሻ ከ15 እስከ 30 በመቶ ገደማ ከሆነ ለጭቃ ጡብ ተስማሚ ነው፤ ከበዛ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ አሸዋና የተከተፈ ጭድ ይጨምሩበት፣ ካነሰ ደግሞ ይፈረፈራል። ያም ሆኖ በመቶኛው ብቻ አይተማመኑ፤ ድብልቁን እየለዋወጡ ጥቂት የሙከራ ጡቦች ሠርተው በጥላ ያድርቁ፣ ከዚያም በጥፍርዎ ይፋቁዋቸው፣ ከወገብ ከፍታም ጥለው ይዩዋቸው።

ለልስኑ ሲሚንቶን አልመክርም። ጠንካራ ቢመስልም ከጭቃው ጋር እኩል ስለማያብጥና ስለማይኮማተር ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ከውስጥ ያላሽቀዋል፣ ጉዳቱም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ልስኑ በትልልቁ ተገንጥሎ ሲወድቅ ነው (ያን ጊዜ ደግሞ ጥገናው ቀላል አይደለም)። የኖራ ልስን ወይም ጭድ ያለበት የጭቃ ልስን ግን እርጥበቱን ያስወጣል። መሠረቱ ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ድንጋይ፣ የጣሪያው ክፈፍም ዝናቡን ከግድግዳው የሚያርቅ ሰፊ ይሁን።