ወፍ ቤታችሁ ጎጆ ሲሠራ፦ ጥያቄና መልስ

ኮርኒሳችን ውስጥ ድንቢጦች ገብተዋል። ገና ሳይነጋ ይንጫጫሉ። ቀዳዳውን ዛሬውኑ በፎም ልድፈነው?

ወንድሜ፣ እባክህ ዛሬ አትድፈነው። ጫጩት ካለ እዚያው ይሞታል፤ ሽታው ደግሞ ለእናንተ ይተርፋል። መጀመሪያ ራቅ ብለህ ተመልከት። እናትየው በአፏ ትል ይዛ ከገባች፣ ስትወጣ ደግሞ ነጭ ከረጢት የመሰለ ነገር ይዛ ከበረረች ጫጩት አለ። ነጩ ነገር የጫጩቶቹ ኩስ ነው፤ ጎጆው እንዳይቆሽሽ አውጥታ ትጥለዋለች።

እንቁላሉ ለመፈልፈል ሁለት ሳምንት ገደማ፣ ጫጩቱ ለመብረር ሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በቃ፣ አንድ ወር ታገሱ። ሲወጡ ግን አትዘግዩ፤ ድንቢጥ ወዲያው ደግማ ትጥላለች። ጎጆውን አውጡና ቆርቆሮውና ግድግዳው የሚገናኙበትን ክፍተት ቀዳዳው ከ2 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ሽቦ ዝጉት። ፎም ብቻውን አያስተማምንም፣ ይቦረቡሩታል።

ኮንዶሚኒየም በረንዳችን ላይ እርግብ ጎጆ ትሠራለች። ባነሳውም ተመልሳ ትመጣለች።

ቦታው ክፍት እስከሆነ ድረስ ትመለሳለች። ያሉት ጫጩቶች እስኪበሩ ጠብቂና በረንዳውን በመረብ ሸፍኚው። ጎረቤት ፍርፋሪ የሚበትን ከሆነም በሰላም አነጋግሪው፤ ምግብ ካለ አይሄዱም።

ኩሱ በሽታ ያመጣል?

የደረቀው አቧራ ሲተነፈስ ሳንባ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ደረቁን በፍጹም አትጥረጉ። ውኃ አርከፍክፉበት፣ ማስክና ጓንት አድርጉ፣ ከዚያ ጥረጉ። አስም ያለበት ሰው አይጠጋ።

በራችን ላይ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ ወፍ የጭቃ ጎጆ ለጥፋለች። እናቴ "አይነካም" ትላለች።

እናትሽን ስሚ! ይህቺ ወፍ ቀኑን ሙሉ የምትለቅመው በአየር ላይ የሚበር ነፍሳት ነው። የሚያስቸግረው ኩሱ ብቻ ከሆነ ከጎጆው ሥር ትንሽ ጣውላ ምቺበት።

የወደቀ ጫጩት በእጅ ከተነካ እናቱ ትተወዋለች ይባላል። እውነት ነው?

አይደለም። ላባ ካላወጣ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎጆው መልሱት። ላባ አውጥቶ የሚዘል ከሆነ ድመት የማትደርስበት ቅርንጫፍ ላይ አስቀምጡትና ራቁ፤ ሰው ካለ እናቱ አትቀርብም። ወተት አትስጡት።

መርዝ ብናደርግስ?

በፍጹም! የተመረዘችውን ወፍ ድመቱም ጭልፊቱም ይበላታል። ግቢ ውስጥ ደግሞ ያገኘውን የሚያነሳ ሕፃን አለ።