«ይህን አጥንተህ ምን ትበላበታለህ?» ይሉኛል

ጥያቄ፦ በታሪክ ዲግሪ ይዣለሁ፤ ልጅ ሳለሁ ቅኔ ቤት ስለነበርኩ ግዕዝ እችላለሁ። ክርስትና ሰይጣንን፣ ትንሣኤ ሙታንንና የመጨረሻውን ፍርድ ከፋርሱ የዞራስተር ሃይማኖት ወሰደ የሚል ቪዲዮ ካየሁ ወዲህ ማስተርሴን በዚህ ልሠራ አስቤያለሁ። ቤተሰቦቼ ግን «ምን ትበላበታለህ?» ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቤተሰቦችህ እውነታቸውን ነው። አገር ቤት የዞራስተር ሃይማኖት መምህር የሚፈልግ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። ብራና አንብቦ የሚመዘግብና ግዕዝ የሚተረጉም ሰው ግን ይፈለጋል። ርዕስ ስትመርጥ ግዕዝህን እንዳትጥለው።

«ማን ከማን ወሰደ» የሚለው ለክርክር ይጣፍጣል፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ጣጣው ዘመኑ ላይ ነው። ጋታ የሚባሉት የዞራስተር መዝሙሮች በጣም ጥንታዊ ናቸው። ሙታን እንዴት እንደሚነሡ በዝርዝር የሚተርከው የዞራስተር መጽሐፍ፣ ቡንደሂሽን፣ ግን አሁን ባለው መልኩ የተጠናቀረው ከእስልምና መምጣት በኋላ፣ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ ነው። ውስጡ የቆየ ትውፊት አለ፤ የትኛው ከክርስትና በፊት እንደነበረ መለየቱ ነው ጭንቁ። የዞራስተርን ሃይማኖት ያጠናችው የለንደኗ ምሁር ሜሪ ቦይስ የፋርስ ተጽዕኖ ትልቅ ነው አለች። የመጽሐፍ ቅዱስ ምሁሩ ጄምስ ባር ደግሞ በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ቀስ በሉ፣ ማስረጃው ያን ያህል አይደለም ብሎ ተከራከረ። እነሱ ያልጨረሱትን አንተ በማስተርስ አትጨርሰውም።

እኔ ብሆን ሁለቱ ሃይማኖቶች ፊት ለፊት ወደተገናኙበት ከእስልምና በፊት ሳሳናውያን ነገሥታት ይገዟት ወደነበረችው ፋርስ እሄዳለሁ። እዚያ ሰነድ አለ። በ410 እ.ኤ.አ. ጳጳሳት በንጉሥ ያዝደገርድ ፈቃድ በመናገሻ ከተማው በሴሌውቅያ ክቴሲፎን ጉባኤ ተቀመጡ። በዚሁ ንጉሥ ዘመን ማብቂያ ላይ ደግሞ አብዳ የተባለ ጳጳስ የእሳት ቤተ መቅደስ አፈረሰ ተብሎ ተከሰሰ፤ መልሰህ ሥራ ሲሉት እምቢ ብሎ ተገደለ። በሱርስት (በጥንቱ የሶርያ ክርስቲያኖች ቋንቋ) የተጻፉትን የፋርስ ሰማዕታት ገድሎች ብታነብ ከክሶቹ አንዱ ይገርምሃል፦ ክርስቲያኖች ሙታናቸውን መሬት ውስጥ ይቀብራሉ! ለዞራስተር ካህናት ሬሳ ምድርን ያረክሳል። ሁለቱም ሙታን ይነሣሉ ብለው እያመኑ በቀብር ተጣሉ። ይቺ ብቻ አንድ የመመረቂያ ርዕስ ይወጣታል። ሱርስትም የሴም ቋንቋ ስለሆነ ለግዕዝ ሰው አይከብድም። የዞራስተር መጻሕፍት የተጻፉባቸውን የፋርስ ቋንቋዎች፣ አቬስታንና ፓህላቪን፣ ለዶክትሬት አቆያቸው፤ እንደ ለንደኑ ሶአስ ዩኒቨርሲቲ ያለ ቦታ መሄድ ይጠይቃሉ።

በግዕዝ ብቻ ልሥራ ካልክ ሄኖክና ጦቢት አሉልህ። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግዕዝ ብቻ ስለሆነ፣ ስለ መላእክትና ስለ ፍርድ ከፋርስ ጋር ማነጻጸር የሚፈልግ ሁሉ እኛ ጋ ይመጣል። የጦቢት ታሪክ ደግሞ ራሱ ሜዶን ድረስ ይዘልቃል፤ የሣራን ሰባት ባሎች የገደለውን ጋኔን ብዙ ምሁራን ከፋርሶች የቁጣ ጋኔን ጋር ያያይዙታል።

እንግዲህ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊሎሎጂ (የጥንታዊ ጽሑፎች ጥናት) ላይ አመልክት። ጎን ለጎን ብራና ማንበብ ተለማመድ፤ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት የግዕዝም የሱርስትም ብራናዎችን በነፃ ኦንላይን ያስነብባል። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከልም ተከታተል። ለውጭ ፕሮፌሰር ኢሜይል ስትልክ «ፍላጎት አለኝ» ብለህ ብቻ አትተው። ከሄኖክ አንድ ምዕራፍ ራስህ ተርጉመህ፣ ያልገባህን ቦታ በኅዳጉ ምልክት አድርገህ አያይዝለት።