«ብሩ ገብቷል ወይ?» የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ስልክ ናቸው። ነጋዴው ስለ ክፍያ፣ ጋዜጣ ወዳዱ ስለ ዜና፣ ባሕር ማዶ ያለችው እህት ስለምትልከው ብር ይጠይቃሉ። ሁሉንም ማንሳት ስላልቻልኩ ለብዙዎቻችሁ ይጠቅማሉ ያልኳቸውን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከሁሉም በላይ የተደጋገመው እሱ ነውና።

ጥያቄ፦ መርካቶ ውስጥ ጫማ እሸጣለሁ። ቅዳሜ ዕለት አንድ ልጅ አራት ጥንድ ጫማ ወሰደ። በሞባይል ባንኪንግ ከፈልኩ ብሎ ስልኩን አሳየኝ። ስሜም የብሩም መጠን ትክክል ነበር። ማታ ሒሳቤን ሳይ ግን ምንም አልገባም። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ወንድሜ፣ ከልብ አዝኛለሁ። አራት ጥንድ ጫማ ለአንድ ሱቅ ስንት ቀን የተለፋበት ትርፍ እንደሆነ አውቃለሁ።

ያሳየህ የእሱን ስልክ ነው። በእሱ ስልክ ላይ የፈለገውን ማሳየት ይችላል። ስክሪንሾት በደቂቃ ተስተካክሎ ስምህና የብሩ መጠን ይገባበታል። የባንክ መተግበሪያ የሚመስል የሐሰት መተግበሪያም አለ። ስለዚህ የደንበኛን ስልክ ማየት ተው። ማየት ያለብህ የራስህን ነው።

በራስህ ስልክ ላይ የገባውንም መልእክት ቢሆን ዝም ብለህ አትመን። መጀመሪያ ላኪውን እይ። ከባንክ የሚመጣ መልእክት በባንኩ ስም ይገባል። የቴሌብር ከ127 ይመጣል። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ቁጥር «ይህን ያህል ብር ገቢ ሆኖልዎታል» የሚል ከደረሰህ የጻፈው ሰው ነው። ቀጥለህ ሒሳቡን ደምር። ይኼን የተማርኩት ከአክስቴ ልጅ ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ የቤት ዕቃ ትሸጣለች። ከባንኮኒው ሥር የማትለየው ደብተር አላት፤ ብር በገባ ቁጥር ቀሪ ሒሳቧን ትጽፍበታለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ደብተሩ 12,400 ይላል። «6,500 ብር ገቢ ሆኗል፤ ቀሪ ሒሳብዎ 31,250 ብር» የሚል መልእክት ገባ። ገዢው ምንጣፉን መኪና ላይ እያስጫነ ነበር። በእርሳስ ደመረችው፤ 18,900 መሆን ነበረበት። ወጥታ ምንጣፉን አስወረደች። ሰውየው አንድም ቃል አልተከራከረም፤ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

«ኔትወርክ ነው የዘገየው» የሚሉህ ይኖራሉ። አንዳንዴ እውነትም ይዘገያል። እንግዲያው ዕቃውም ይቆያል። ሐቀኛ ደንበኛ ማኪያቶ ጠጥቶ ይመለሳል፤ አይቀየምህም። አንተ ሱቅ በማትኖርበት ጊዜ ደግሞ ሻጩ ልጅ በስልክ እየደወለ «ገባልህ?» ሲል ጥድፊያ ይፈጠራል፤ አጭበርባሪ የሚፈልገውም ያንን ጥድፊያ ነው። የክፍያ መልእክት የሚገባበት፣ ከሱቅ የማይወጣ ስልክ ይኑርህ።

ለአሁኑ ወደ ፖሊስ ሂድ። የደወለበት ቁጥር ወይም የላከው መልእክት ካለህ እንዳታጠፋው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ አንድ መልእክት ወረቀት ላይ ስላልሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም። የጎረቤት ሱቅ ካሜራ ካለም ቀረጻው ሳይጠፋ ዛሬውኑ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሆኜ የሴቶች ልብስ በቴሌግራምና በቲክቶክ እሸጣለሁ። ተከታይ አለኝ። «ዋጋ?» ብለው ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ምን አጠፋሁ?

እህቴ፣ ዋጋውን ከልብሱ ሥር ጻፊው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ነገር ብዙ ገዢ ያስከፋል። ሰው ሱቅ ገብቶ ዋጋ የሚጠይቀው ዕቃውን በእጁ እየነካ፣ ያንቺን ፊት እያየ ነው። ስልክ ላይ ግን መጠየቁ ራሱ ግዴታ ውስጥ የገባ ያስመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ «ሰው እያየች ነው ዋጋ የምትጠራው» ብሎ ይጠረጥራል። የጠረጠረ ሰው አይገዛም።

ፎቶው ላይም ልናገር። የላክሽልኝን አየሁት። ከውጭ ድረ ገጽ የተወሰደ የሞዴል ፎቶ ነው። ልብሱ በእጅሽ ካለ መስኮት አጠገብ ስቀዪውና በቀን ብርሃን አንሺው። የስፌቱን፣ የዚፑን፣ የገበሩን ፎቶ ጨምሪበት። ከአገር ቤት ልብስ ሰፊ ጋር ያደገች ገዢ የምታየው ስፌት ነው። ልብሱ ገና ታዞ የሚመጣ ከሆነም «በትዕዛዝ» ብለሽ በግልጽ ጻፊ።

ሐዋሳ ውስጥ ላሉት ሲረከቡ ይክፈሉ። ለሌላ ከተማ በመናኸሪያ መኪና ስትልኪ የሰሌዳ ቁጥሩንና የረዳቱን ስልክ ለገዢዋ ወዲያው ላኪላት። የማታውቅሽ ሴት ብሯን ቀድማ እንድትልክ የሚያደርጋት እንዲህ ያለ ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬ ሳትተኚ አድርጊልኝ። ቴሌግራምሽ ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን፣ ማለትም ተጨማሪውን የይለፍ ቃል አብሪ። ሲም ካርዱ በራስሽ ስም መሆኑን አረጋግጪ። የደንበኞችሽን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ ገልብጪ። ቻናሉ የተነጠቀ ቀን ሱቅ እንደተቃጠለ ቁጠሪው፤ ደብተሩ ካለ ግን በማግስቱ ደንበኞችሽን አንድ በአንድ ትደውይላቸዋለሽ።

ጥያቄ፦ አባቴ ጅማ አካባቢ ቡና ገበሬ ናቸው። ስማርት ስልክ ብገዛላቸው ቡናቸውን በተሻለ ዋጋ ይሸጣሉ?

ስልኩ ብቻውን ብዙ አይለውጥም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አንዱ ትልቅ ዓላማው ዋጋ ይፋ እንዲሆን ነበር። ዋጋ ማወቅ ደግሞ ጥቅም አለው፤ ሰብሳቢው ዝቅ አድርጎ ሲጠራ አባትህ «አይሆንም» ለማለት አቅም ያገኛሉ። ግን እሸት ቡና ከተለቀመ ማደር አይችልም። በዚያው ቀን ካልተሸጠ ይበላሻል። ማታ ላይ እሸት ይዞ የቆመ ገበሬ ዋጋውን ቢያውቅም የመከራከር ጊዜ የለውም። ስለዚህ ከስልኩ በፊት የማድረቂያ አልጋ አስባቸው። ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አድርገው ካደረቁት ጠብቀው ይሸጣሉ፤ ያኔ በስልክ ዋጋ መጠያየቁም ፋይዳ ይኖረዋል። የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ካልሆኑም ይመዝገቡ።

በቆሎ ወይም ጤፍ የሚያርሱ ከሆነ ደግሞ 8028 የሚባል የገበሬዎች የስልክ መስመር በ2006 ዓ.ም. ተጀምሯል። ስለ አዘራርና ማዳበሪያ በድምፅ ያስረዳል። በቁልፍ ስልክም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ጋዜጣ ሳነብ ነው ያረጀሁት። አሁን ፒያሳ ዞሬ የማገኘው ጥቂት ነው። ኢንተርኔት ጋዜጣን ገደለው ማለት ነው?

አባቴ፣ ጥያቄዎ አንጀቴን በላኝ። እኔም አራት ኪሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ በሳንቲም ተከራይተው ካነበቡት አንዱ ነኝ። አዟሪው ከላያችን ቆሞ «ጨርሰህ አምጣ» ይል ነበር። አንዱ የፊቱን ገጽ ሲይዝ ሌላው የስፖርቱን ይጠብቃል። በመሀል የማይተዋወቁ ሰዎች ክርክር ይጀምራሉ።

ጥፋቱን ሁሉ በኢንተርኔት ላይ መጫን ግን ልክ አይደለም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ብዙ ጋዜጦች ሲዘጉ አብዛኛው ሰው እጅ ላይ ኢንተርኔት አልነበረም። የወረቀትና የኅትመት ዋጋም በየጊዜው እየናረ አዘጋጆቹን አድክሟል። ስልኩ የመጣው በቆሰለው ላይ ነው።

የወሰደውም አንባቢውን ብቻ አይደለም፤ ማስታወቂያውን ነው። ያስታውሱ እንደሆን ብዙ ወጣት ጋዜጣ የሚገዛው ለክፍት የሥራ ቦታ ነበር። ነጋዴው ለጨረታ ይገዛል። ዛሬ ክፍት የሥራ ቦታው ቴሌግራም ላይ በነጻ ይለጠፋል። ለሥራ ፈላጊው ጥሩ ነው፤ የታክሲና የጋዜጣ ወጪ ቀርቶለታል። ግን ፍርድ ቤት ውሎ፣ ሰነድ አገላብጦ፣ ሁለቱንም ወገን ጠይቆ የሚጽፈው ዘጋቢ ደመወዝ ይከፈለው የነበረው ከዚያ ማስታወቂያ ነበር። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኼ ነው።

በእሱ ቦታ የመጣው ዩቲዩብ ነው። አንድ ቻናል በተለመደው መንገድ የማስታወቂያ ገቢ ለማግኘት 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት መታየት አለበት። ከዚያ በረጃጅም ቪዲዮዎቹ ላይ ከሚገባው የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶው የባለቻናሉ ነው። ገንዘቡ ሰው ባየበት ደቂቃ ይሰፈራል እንጂ ዜናው እውነት በመሆኑ አይደለም። «ሰበር ዜና» የሚል ቀይ ጽሑፍ ከፍተው አሥር ደቂቃ ሰምተው ምንም ዜና ያላገኙት ለዚህ ነው። ይህን እያወቁ በጥንቃቄ የሚሠሩ ልጆችም አሉ፤ ተንቀሳቅሰው ይዘግባሉ፣ ሲሳሳቱ ያርማሉ። እነሱን ፈልገው ይከታተሉ። ጋዜጣም ካገኙ ይግዙ። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ሪፖርተርም ይታተማል።

ጥያቄ፦ ጅዳ ነው የምሠራው። ወንድሜ በኢሞ «ቸኩያለሁ፣ በዚህ ሰው ሒሳብ ቶሎ ላኪልኝ» ብሎ ጻፈልኝ። ላክሁ። በኋላ አካውንቱ ተጠልፎ እንደነበር ነገረኝ። ሌላ ጊዜ እንዴት ልጠንቀቅ?

እህቴ፣ በላብሽ ያገኘሽው ነው፤ ሐዘኑ ይገባኛል። ከእንግዲህ ብር የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲመጣ በጽሑፍ አትመልሺ። በተለመደው የስልክ ቁጥሩ ደውይ፤ በዚያው በኢሞ አይደለም። ካልተነሳ ጠብቂ። ስትደውዪም ሌላ ሰው የማያውቀውን ጠይቂው፤ የላማችሁን ስም፣ እናታችሁ አንቺን በልጅነትሽ የምትጠራበትን ስም። ድምፁ የእሱ ቢመስልም ጠይቂ፤ አሁን ድምፅም ይቀዳል። የተላከልሽን የማረጋገጫ ቁጥር ደግሞ «የኔ ነው፣ በስህተት ወዳንቺ መጥቶ ነው» ለሚል ለማንም እንዳትሰጪ። አካውንት የሚጠለፈው አብዛኛውን ጊዜ በዚያ ነው።

ስለ አላላኩም ልጨምር፦ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ባንኮች የምንዛሪ ዋጋን ራሳቸው ስለሚወስኑ ከመላክሽ በፊት የሁለት ሦስት ባንክ ዋጋ አወዳድሪ። በባንክ የላክሽው ብር ቢጠፋ የምትከራከሪበት ደረሰኝ አለሽ።

ጥያቄ፦ ከቴሌብር ብድር ልውሰድ?

ሸቀጥ ገዝተህ በቀናት ውስጥ የምትሸጠው ከሆነ ውሰድ። ለድግስ ወይም ለቤት ኪራይ ከሆነ አትውሰድ። የመክፈያው ጊዜ አጭር ነው፤ ክፍያም አለው። ከመውሰድህ በፊት መልሰህ የምትከፍለውን ጠቅላላ ብር ስልኩ ላይ ያሳይሃል፤ እሱን አንብብ።

ጥያቄ፦ እናቴ ደሴ ናቸው። ቴሌብር የሚያወጡላቸው የሰፈር ልጅ ነው፤ የሚስጥር ቁጥሩንም እሱ ያውቀዋል። ልጁ ጨዋ ነው። ችግር አለው?

ልጁ ጨዋ ይሁን፤ ቁጥሩ ግን የእሳቸው ብቻ መሆን አለበት። ለልጁም ይበጃል፤ አንድ ቀን ብር ቢጎድል የሚጠረጠረው እሱ ነው።

እናቴን ያስተማርኳት እንዲህ ነው። በቁልፍ ስልኳ *127# ደወልን፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ በአማርኛም ይመጣል። ፊደል ብዙም አታነብም፣ ቁጥር ግን ታውቃለች። ስለዚህ ጽሑፉን ትተን የቁጥሮቹን ተራ አስያዝኳት፤ መጀመሪያ ይኼ፣ ቀጥሎ ይኼ። የሚስጥር ቁጥሩን የሙዳይሽ ቁልፍ በይው አልኳት። ፊቴን አዙሬ ቆምኩ፤ እኔም እንዳላየው። ሦስት ቀን ደጋገምነው። እርስዎም ደሴ ሲሄዱ ሁለት ሦስት ቀን ይመድቡላቸው። በስልክ ለማስረዳት አይሞክሩ፤ እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም።

አዲስ አበባ በተመለስኩ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ከ127 ነው፤ እናቴ 50 ብር ልካልኛለች። ገና አንብቤ ሳልጨርስ ደወለች።

«ገባልህ?» አለችኝ።

«ገብቷል እማዬ።»

«ስንት ይላል? አንብብልኝ።»

አነበብኩላት።