«አይል ሌት ዩ ጎ» ተብላ ከስራ ለቀረችው እህቴ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ እሁድ ጠዋት ነው የደረሰኝ። አንብቤ ሳልጨርስ «አሁኑኑ ለሱፐርቫይዘርሽ ደውዪላት» ብዬ የላክሁልሽ መልስ ስራሽን ስላተረፈልሽ ተመስገን። ረዘም ያለውን እዚህ የምጽፈው፣ የአንቺ ጉዳይ የብዙ ሰው ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ለሌሎች አንባቢዎች ነገሩ እንዲህ ነው። እህታችን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣች አምስት ወሯ ነው። ሆቴል ውስጥ እንግዳ መቀበያው ላይ የማታ ሺፍት ትሰራለች። ሐሙስ ዕለት ሱፐርቫይዘሯ ደውላ ስለሚቀጥለው ሳምንት ፕሮግራም አወራቻትና መጨረሻ ላይ «ኦኬ፣ አይል ሌት ዩ ጎ» አለቻት። ከዚያ በፊት አንድ ባልደረባዋ «ሌት ጎ» ተደረገ ሲባል ሰምታለች፤ ሰውየው ተባሮ ነበር። እሷም የተባረረች መሰላት። አርብ አልገባችም፣ ቅዳሜም አልገባችም። ከዚያ «ኖ ኮል፣ ኖ ሾው» (ሳትደውዪ ቀረሽ) የሚል መልእክት መጣላት።

«አይል ሌት ዩ ጎ» ስልክ መዝጊያ ላይ ሲባል የኛው «በቃ አልያዝሽ» ነው። ስራ ይኖርሻል፣ ላቆይሽ አልፈልግም ማለት ነው። የጨዋ ሰው አነጋገር ነው። «ዊ ሃቭ ቱ ሌት ዩ ጎ» ግን ስንብት ነው። ቃሉ ያው ነው፣ የሚለየው ቦታውና ጊዜው ነው። ስንብት ሲሆን ብዙ ጊዜ ቢሮ ትጠሪያለሽ፣ በር ይዘጋል፣ ስለ መጨረሻ ደሞዝሽ ይነገርሻል። የሚቀጥለውን ሳምንት ሺፍት ነግራሽ በዚያው ስልክ የምታባርርሽ አለቃ የለችም። ይህን ልብ በይ፤ መልሱ ከሐረጉ በፊት በተወራው ውስጥ ነበር።

ስለ መሄድ የሚባሉ የእንግሊዝኛ ሐረጎችን ጽፈሽ የላክሽልኝን ረጅም ዝርዝር አይቼዋለሁ። ሁሉንም አትሸምድጂ። አንዱን በሰማሽ ቁጥር ሁለት ነገር ጠይቂ፦ የሚሄደው ለስንት ጊዜ ነው? የሚሄደውስ በማን ፈቃድ ነው?

«ሄዲንግ አውት»፣ «ቴኪንግ ኦፍ»፣ «ሌትስ ኮል ኢት ኤ ናይት»፣ ወጣቶቹ የሚሉት «ባውንስ» እና «ዲፕ»፣ ሁሉም ለዛሬ ብቻ ነው። ልንቀሳቀስ፣ ልውጣ፣ ላጥ ልበል እንደምንለው። ነገ ይመጣሉ። «ባውንስ» እና «ዲፕ» ግን የእኩዮች ወሬ ናቸው፤ ስሚያቸው እንጂ ለአለቃ አትበያቸው። «ስቴፕት አውት» ካሉሽ ሰውየው ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ብሏል። «ዎክድ አውት» ካሉሽ ግን ተናዶ ጥሎ ሄዷል። ሁለቱንም በአማርኛ «ወጣ» ልንል እንችላለን። እንግዳ ደውሎ ማናጀሩን ሲጠይቅሽ «ሂ ዎክድ አውት» ብትዪው ምን እንደሚያስብ ገምቺ።

«ሺ ኮልድ አውት» ማለት ደውላ ቀረች፣ እንደማትመጣ አስቀድማ አሳወቀች ነው። ለአንቺ የተጻፈልሽ «ኖ ኮል፣ ኖ ሾው» ተቃራኒው ነው፤ ሳያሳውቁ መቅረት። በብዙ ድርጅት ደንብ ሶስት ተከታታይ ቀን እንዲህ መቅረት ስራ ጥሎ እንደመሄድ ይቆጠራል። እሁድ ጠዋት ያጣደፍኩሽ ለዚህ ነው።

«ኦን ሊቭ» ደግሞ መሄድ ሳይሆን ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የአሜሪካ የቤተሰብና የህክምና ፈቃድ ህግ ስራሽ እንደተጠበቀ በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደሞዝ ፈቃድ ይሰጣል። ግን 50 እና ከዚያ በላይ ሰራተኛ ያለው ቀጣሪ ዘንድ ቢያንስ 12 ወርና 1,250 ሰዓት የሰራ ሰው ነው የሚያገኘው። አንቺ ገና ነሽ።

አንድ እንግዳ «ጌት ሎስት» አለኝ ብለሻል። ጥፊ ከፊቴ ማለቱ ነው። ልክ አይደለም። መልስ አትስጪው፣ ለሱፐርቫይዘርሽ ንገሪ።

አሁን እንጀራ ወደሚነኩት ልምጣ። «ሌድ ኦፍ» ማለት ስራ ስለቀነሰ ተቀነስሽ ነው፤ ጥፋት የለብሽም። «ፋየርድ» ተባረርሽ ነው። «ኩዊት» ራስሽ ለቀቅሽ ነው። ማመልከቻ ላይ ከስራ የወጣሽበትን ምክንያት ሲጠይቁሽ ከሶስቱ አንዱን ነው የምትመልሺው። በስራ አጥነት የሚከፈለው ድጎማ በጥቅሉ ያለጥፋቱ ስራ ላጣ ሰው ነው። ያለ በቂ ምክንያት የለቀቀ ብዙውን ጊዜ አያገኝም። ተቀንሰው ሳለ «ለቀቅኩ» ለማለት ብለው «ኩዊት» የጻፉ ሰዎች ቢሮዬ መጥተው አልቅሰዋል። ማረም ይቻላል፣ ግን ያንከራትታል።

አንድ ቀን ራስሽ ለመልቀቅ ስትወስኚ «ቱ ዊክስ ኖቲስ» ትሰጫለሽ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ እወጣለሁ የሚል አጭር ደብዳቤ። አገር ቤት በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሰራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እዚህ ሁለት ሳምንቱ በአብዛኛው ልማድ እንጂ ህግ አይደለም። ቢሆንም አክብሪው። አገር ቤት መልቀቂያ ይዘሽ ትወጫለሽ፣ አዲሱ መስሪያ ቤትም ይጠይቅሻል። እዚህ መልቀቂያ የሚባል ወረቀት የሚጠይቅሽ የለም፤ በምትኩ አዲሱ ቀጣሪ አሮጌው ዘንድ ሊደውል ይችላል። እዚያ የሚነሳው ስልክ ነው መልቀቂያሽ።

ሞኝ ነኝ ብለሽ የጻፍሽው አላስደሰተኝም። እኔ ዋሽንግተን ዲሲ መጀመሪያ የሰራሁት ፓርኪንግ ውስጥ ነበር። አንድ ማታ መኪኖቹን አስገብቼ፣ ቁልፎቹን በየቁጥራቸው ሰቅዬ፣ ለማናጀሩ «አይ አም ዳን» አልኩት። ስራዬን ጨረስኩ ማለቴ ነበር። ቀኑን በሂሳብ ስንጨቃጨቅ ስለዋልን፣ ድምፄም ዝሎ ስለነበር፣ «በቃኝ» ያልኩት መሰለው። በማግስቱ ስገባ በኔ ቦታ ሌላ ልጅ ቆሟል። ቀጥረው ጨርሰው ነበር። ያን ወር የቤት ኪራይ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። ከዚያ በኋላ ስወጣ ሁልጊዜ «ማይ ሺፍት ኢዝ ኦቨር፣ ሲ ዩ ቱሞሮው» (ሺፍቴ አልቋል፣ ነገ እንገናኝ) እላለሁ። አንቺም ይህችን ያዢ። «ሲ ዩ ቱሞሮው» ካልሽ ማንም ለቀቀች አይልሽም።

ግራ ሲገባሽ ደግሞ እዚያው ጠይቂ። «ዱ ዩ ሚን ፎር ቱናይት?» (ለዛሬ ማታ ማለትሽ ነው?) በቂ ነው። ሱፐርቫይዘርሽ ስትደውዪላት ደንግጣ ይቅርታ መጠየቋን ነግረሽኛል፤ እንዲህ ያለች ሴት ብትጠይቂያት አትቆጣም። ከዝርዝርሽ ያልመለስኩልሽን ማን እንዳለው፣ ሰዓቱንና ከዚያ በፊት ምን ስታወሩ እንደነበር ጨምረሽ እንደገና ላኪልኝ።